ወረቀት ብር ያወጣ የግል ባንክ ነበር?

ጥያቄ (ከዚራ፣ ድሬዳዋ)፦ ጎረቤታችን ሐጂ የማሪያ ትሬዛ ጠገራ ብር አሳዩኝ። 1780 ይላል። በላዩ ያለችው ንግሥት የትከሻዋ ጌጥ ተፍቋል። «ጌጡ ጠርቶ ካልታየ ነጋዴ ይመልሰው ነበር» አሉኝ። ለመሆኑ እዚህ አገር ገንዘብ ያወጣ የግል ድርጅት ነበር?

መልስ፦ ነበር እንጂ! የአቢሲኒያ ባንክ። በግብፅ ብሔራዊ ባንክ ሥር የነበረ አክሲዮን ማኅበር ነው። በ1915 እ.ኤ.አ. ወረቀት ብር አወጣ። ድሬም ሐረርም ቅርንጫፍ ነበረው። ወረቀቱ በጠገራ ይመነዘር ነበር፤ ዋናው ቁም ነገር ይሄ ነው። ሰዉ ግን ጠገራውን በእጁ ካልያዘ አያምንም ነበር፣ እውነቱንም ነው። በ1931 እ.ኤ.አ. መንግሥት ገዛውና የኢትዮጵያ ባንክ ሆነ።

መልስ (ከሐረር)፦ የእኛ መሐለቅ፣ የድሮው የሐረር ሳንቲም፣ እዚህ አይገባም፤ ያስመቱት አሚሮቹ ናቸው። ስኮትላንድ ግን ዛሬም ሦስት ንግድ ባንኮች የራሳቸውን ኖት ያወጣሉ።

ጠያቂው፦ ተባረኩ! ለሐጂ አሁኑኑ ልንገራቸው።