ዶርም ውስጥ ዋይፋይ ለማይይዝ ላፕቶፕ፦ ድሬዳዋ ላይ ምን ልግዛ፣ የት ላሠራ?

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ የዶርሙን ዋይፋይ ይይዝና ጥቂት ቆይቶ ይለቀዋል። የክፍል ጓደኞቼ ስልኮች ግን ያለ ችግር ይሠራሉ። በዩኤስቢ ቀዳዳ የሚሰካ ትንሽ የዋይፋይ መቀበያ (ዩኤስቢ ዋይፋይ) ብገዛ ይሻላል፣ ጥገና ቤት ብወስደው ወይስ ዋይፋዩን ትቼ በስልክ ዳታ ብጠቀም? የምታውቁ እባካችሁ ጠቁሙኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ በዚያው ክፍል የሌሎች ስልኮች የሚሠሩ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ላፕቶፕህ ያደላል፤ ሆኖም ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት የስልክህን ሆትስፖት ከፍተህ ላፕቶፑን ከእርሱ ጋር አገናኘው። ሳይቋረጥ ከቆየ ላፕቶፑ ውስጥ ያለው የዋይፋይ ካርድ ደህና ነው፤ የሚስተካከለው ላፕቶፑ ከዶርሙ ዋይፋይ ጋር የሚገናኝበት ሴቲንግ ነው። እዚያም ከተቆራረጠ ድራይቨሩ (ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ወይም ካርዱ ራሱ ይጠረጠራል። ሆትስፖቱ ጭራሽ ካልታየው ዋይፋይ ከሚሰራጭባቸው የሞገድ ዓይነቶች መካከል ስልኩ በ5 ጊጋኸርዝ እያሰራጨ ሊሆን ስለሚችል አሮጌ ካርዶችም ወደሚይዙት ወደ 2.4 ለውጠህ ሞክር።

ካርዱ ደህና ከሆነ ምንም አትግዛ። ላፕቶፑ ያስቀመጠውን የዶርሙን ዋይፋይ ስም «ፎርጌት» ብለህ አጥፋና ፓስወርዱን እንደገና አስገባ። ቀጥለህ ዲቫይስ ማናጀር (ዊንዶውስ የላፕቶፑን ክፍሎች የሚዘረዝርበት ገጽ) ውስጥ በካርዱ «ፓወር ማኔጅመንት» ገጽ ላይ፣ ዊንዶውስ ኃይል ለመቆጠብ ካርዱን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት አንሣ፤ እንደ አንተ «ይይዛል፣ ይለቃል» የሚል ቅሬታ ሲቀርብ እኔ አስቀድሜ የምመለከተው ይህን ነው። ዋይፋዩ ብሮውዘር ላይ የሚያመጣው የመግቢያ ገጽ አልከፈት ካለህ ደግሞ የላፕቶፑን ቀንና ሰዓት እይ፤ በአሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ ያለችው የሰዓት ባትሪ ስትሞት ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ስለሚመለስ ብሮውዘሩ የገጾችን የደኅንነት ሰርተፊኬት አልቀበል ይላል። ካምፓሱ ላፕቶፖችን በማክ አድሬስ (በዋይፋይ ካርዱ መለያ ቁጥር) የሚመዘግብ ከሆነ ይህን ቁጥር የሚቀያይረውን «ራንደም ሃርድዌር አድሬስ» ማጥፋት ይኖርብሃል፤ መዝገቡን የሚያየውም የካምፓሱ የአይሲቲ ክፍል ስለሆነ ለዚህ ወደ ከተማ መውጣት አያስፈልግም።

ካርዱ የተበላሸ ወይም ከዕድሜው የተነሣ 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ የሚይዝ ከሆነ የእኔ ምርጫ ዩኤስቢ ዋይፋይ ነው። ዶርም ውስጥ በየክፍሉ ሆትስፖት ይከፈታል፤ በ2.4 ላይ ደግሞ እርስ በርስ የማይደራረቡት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ በመሆናቸው ሁሉም እዚያው ይጨናነቃል። 5 ጊጋኸርዝ ሰፊ ቦታ አለው፤ ግድግዳ ማለፍ ላይ ግን ይደክማል። ከሚታወቁት መካከል የቲፒ ሊንክ 725ኤን በ2.4 ብቻ በሴኮንድ እስከ 150 ሜጋቢት ሲሠራ፣ የዚያው ድርጅት አርቸር ቲ2ዩ ናኖ በሁለቱም ይሠራል፤ በ2.4 እስከ 200፣ በ5 እስከ 433 ሜጋቢት። እነዚህ በካርቶኑ ላይ የሚጻፉ ቁጥሮች ናቸውና ዶርም ውስጥ የምታገኘው ከዚያ እጅግ ያንሳል። የዶርሙ ዋይፋይ 5 ጊጋኸርዝ ከሌለው ለሁለተኛው የምትጨምረው ገንዘብ ብዙም አይጠቅምህም።

ለመግዛት እዚሁ ድሬዳዋ ያለው ታይዋን ገበያ ምርጫው ሰፊ ነው፤ ሆኖም ላፕቶፕህን ይዘህ ሂድና ከመክፈልህ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ ሰክተህ በስልክህ ሆትስፖት ሞክረው። ስም የለሽ ሆኖ ካርቶኑ ላይ ትልቅ ፍጥነት የተጻፈበትን እኔ አልገዛም። ድራይቨሩ በትንሽ ሲዲ ከመጣ ሲዲ ማስገቢያ የሌለው ላፕቶፕ ምንም አያደርግበትም፤ በፍላሽ እንዲገለብጡልህ ጠይቅ። ዶርም ስትመለስ ውስጡ ሰማያዊ ከሆነው የዩኤስቢ ቀዳዳ አርቀህ ሰካው፤ ሰማያዊው ዩኤስቢ 3 ሲሆን ሥራ ላይ ሳለ 2.4 ጊጋኸርዝን ሊረብሽ ይችላል። የብረት አልጋና ሎከርም ሲግናል ስለሚጋርዱ አጭር የዩኤስቢ ማስረዘሚያ ገመድ ይረዳል።

ሳትገዛ ለመቆየት ደግሞ የአንድሮይድ ስልክህ ይበቃሃል። ስልኩን ከዶርሙ ዋይፋይ ጋር አገናኘው፣ የሞባይል ዳታውን አጥፋ፣ በቻርጀሩ ገመድ ላፕቶፑ ላይ ሰካና «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» የሚለውን ክፈት፤ ስልኩ የያዘውን ዋይፋይ በገመድ ለላፕቶፑ ያስተላልፍልሃል። የጠፋ ድራይቨር ለማውረድም ይኸው መንገድ ያገለግላል። ይህን ዘዴ የሚያውቅ ተማሪ ማነሱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

የስልክ ዳታን በተመለከተ ሳፋሪኮም በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ኔትወርኩን በአገሪቱ መጀመሪያ የከፈተው እዚሁ ድሬዳዋ ስለሆነ ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ማወዳደር ይቻላል። የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው የአንተ ክፍል ነው፤ የ09 እና የ07 ቁጥር ካላቸው ጓደኞችህ ጋር እዚያው አልጋህ ላይ ሆነህ በምሽት ሞክረውና የወር ፓኬጅ የምትገዛው ከዚያ በኋላ ይሁን። ሆትስፖቱንም ላፕቶፑ ላይ «ሚተርድ» (ዳታ የሚቆጠርበት) አድርገው፤ አለዚያ የዊንዶውስ አፕዴት ፓኬጁን ይጨርስብሃል።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ እኔ ሐረር ነኝ። ዋይፋይ የማይይዘውን ላፕቶፔን ጥገና ቤት ወስጄው «ፎርማት ይደረግ» (ያለው ሁሉ ጠፍቶ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫን) ብለውኛል። ላስደርገው?

መልስ፦ እኅቴ፣ በእኔ አስተያየት ገና ነው። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ካርዱ ቢጫ ምልክት ይዞ የሚታይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ድራይቨሩን እንደገና መጫን ይበቃል። ጭራሽ የማይታይ ከሆነ ግን ወይ ከቦታው ላልቷል፣ ወይ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የላፕቶፑ መሠረታዊ ፕሮግራም) ውስጥ ተዘግቷል፣ ወይ ሞቷል፤ ፎርማት ከእነዚህ አንዱንም አያስተካክልም። ባለሙያው መጀመሪያ ላፕቶፑን ከፍቶ ካርዱንና የአንቴናውን ገመድ እንዲያይ ጠይቂው። ካርዱ ይቀየር ካለሽ ላፕቶፕሽ አሮጌ ኤችፒ ወይም ሌኖቮ ከሆነ አስቀድመሽ ንገሪው፤ አንዳንዶቹ ሞዴሎች በፋብሪካው ከተፈቀደላቸው ካርድ ውጪ ሌላ ሲገባባቸው አልነሣም ይላሉ። እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ከሆነ ከካርዱ ይልቅ ዩኤስቢ ዋይፋይ ግዢ፤ ነገ ላፕቶፕ ብትቀይሪም ነቅለሽ ትወስጂዋለሽ። ፎርማት የግድ ከሆነ ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍሽንና ፎቶዎችሽን በፍላሽ ገልብጠሽ ፍላሹን ዶርም ትተሽው ሂጂ።