መብራት ሲጠፋ ሊጡን፣ ኢንሱሊኑንና የቤቱን ብርድ እንዴት እንያዝ?

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)

ጤና ይስጥልኝ። በምንኖርበት ሰፈር መብራት ጠፍቶ ማደሩ፣ አንዳንዴም በማግሥቱ እስከ ማታ ሳይመጣ መቆየቱ የተለመደ ሆኗል። እንጀራ የምንጋግረው በኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻ ስለሆነ አብሲት ከጣልን በኋላ መብራት ሲሄድ ሊጡ ይኮመጥጥብናል። እናቴ የስኳር ሕመም ስላለባቸው ኢንሱሊናቸውን ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጣሉ፤ መብራት በጠፋ ቁጥር መድኃኒቱ ተበላሽቶ ይሆናል ብለው ይጨነቃሉ። ከጥቅምት ወዲህ ውርጩ ስለበረታ ደግሞ ማታ ማታ ከሰል ደጅ አቀጣጥለን፣ ጭሱ ሲያልቅለት ወደ መኝታ ክፍል እናስገባለን። በተለይ ስለ ሊጡና ስለ መድኃኒቱ የምታውቁትን ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

መልስ (የጤና ባለሙያ፣ ከሸዋ ሮቢት)

ስለ ሊጡና ስለ መድኃኒቱ ተረጋግተን እንነጋገራለን፤ ከሁሉ በፊት ግን ከሰሉ ከዛሬ ማታ ጀምሮ መኝታ ክፍል እንዳይገባ አደራ እላለሁ። ብዙ ሰው ከሰል ፍም ከሆነና ጭሱ ከጠፋ ጉዳት የለውም ብሎ ያምናል፤ ይሁን እንጂ የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከደማቁ ፍምም ያለማቋረጥ ይወጣል። ይህ ጋዝ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ከደም ጋር ስለሚጣበቅ፣ በሩና መስኮቱ በተዘጋ ክፍል የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማስመለስ ወይም የጉልበት መክዳት የተሰማው ሰው ካለ ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር አውጥቶ ኦክስጅን ወዳለበት ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል። ወተት ማጠጣት ጋዙን ከደም አያስወጣውም። ለብርዱ ሁላችሁም በአንድ ክፍል መተኛት፣ ጋቢና ባና መደራረብ፣ የሞቀ ውሃ በጠርሙስ ሞልቶና በጨርቅ ጠቅልሎ እግር ሥር ማድረግ ይሻላል።

ስለ ኢንሱሊኑ እናትዎ ይረጋጉ። አብዛኞቹ ዓይነቶች ከተከፈቱ በኋላ ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት ለ4 ሳምንታት ያህል ከፍሪጅ ውጭ ይቆያሉ፤ ትክክለኛውን ልክ ከመድኃኒቱ ጋር የሚመጣው ወረቀት ይነግራችኋል። የደብረ ብርሃን ቤት ፀሐይና ምድጃ እስካልቀረበው ድረስ ከዚያ በላይ አይሞቅም።

መልስ (ከመሐል ሜዳ)

እኔ የማውቀው የሊጡን ነገር ነው። መብራቱ መቆየቱን እርግጠኛ ሳይሆኑ አብሲት አይጣሉ። አብሲት የገባበት ሊጥ ኩፍ ካለ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ካልተጋገረ ይበላሻል፤ አብሲት ያልገባበት ሊጥ ግን፣ በተለይ እንደ እኛ ባለው ደጋ፣ ከላይ የጠለለውን ውሃ በየቀኑ ደፍተው ቀዝቃዛ ውሃ ከለወጡለት ብዙም ሳይኮመጥጥ ይቆይልዎታል። የኤሌክትሪክ ምጣዱን እሳት ላይ መጣድ ስለማይቻል አንድ የሸክላ ምጣድ ቤት ውስጥ መኖር አለበት። ከሲሚንቶ የሚሠራው «ምርጥ» የተባለው ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን በግማሽ ያህል ይቆጥባል፤ በባሕር ዛፍ ጭራሮም ሆነ በኩበት ይሠራል።

መልስ (የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ከደብረ ሲና)

አንድ ነገር ልጨምር። መብራት በምጣድ ላይ እያላችሁ ከሄደ ምጣዱን ሳትነቅሉ ከቤት አትውጡ፤ ሰው በሌለበት ተመልሶ ሲመጣ ቃጠሎ ሊያስነሣ ይችላል። ምጣዱ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ስለሚፈልግ በአነስተኛ ጄኔሬተር ወይም በተለመደው የቤት ሶላር መጋገር አይሞከርም። ጄኔሬተር ያላችሁ ደግሞ በሶኬት በኩል ከቤቱ መስመር ጋር ፈጽሞ አታገናኙ፤ መስመሩ ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የሚሠራውን ሰው ይገድላል። ፍሪጁን መብራት ሲጠፋ ንቀሉት፤ ሲመጣም ቮልቴጁ እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ ሰኩት። በሩ ካልተከፈተ ውስጡ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። የጎረቤት መብራት በርቶ የእናንተ ብቻ ከጠፋ መጀመሪያ የካርድ ቆጣሪውን ሂሳብና ብሬከሩን ተመልከቱ፤ ከዚያ ወደ 905 ደውሉ።

ጠያቂው

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከሰሉን ከዛሬ ጀምሮ ትተነዋል። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፦ እናቴ ገና ያልተከፈተ ኢንሱሊንም አላቸው፤ መብራት ሲጠፋ እሱን መስኮት አጠገብ ባስቀምጠው ብርዱ አይጠብቀውም?

መልስ (የጤና ባለሙያ፣ ከሸዋ ሮቢት)

መስኮት አጠገብ እንዳያስቀምጡት። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቆየት ቢኖርበትም፣ በውርጭ ሌሊት በረዶ ከሠራ፣ በኋላ ቢሟሟም ኃይሉን ስለሚያጣ መጣል ብቻ ነው የሚቀረው። በተዘጋው ፍሪጅ መካከለኛ መደርደሪያ ላይ፣ ከበረዶ ቤቱ ርቆ ይቆይ። መብራቱ ከዘገየ በጨርቅ የተጠቀለለ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ አድርገው ጨርቁን እያረጠቡ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ያኑሩት፤ እኛ ቆላ ያለነው በበጋ የምንጠቀመው በዚህ ነው። እንዲህ ከፍሪጅ ውጭ የቆየ ብልቃጥ እንደ ተከፈተው ስለሚቆጠር፣ የወጣበትን ቀን ጽፈው ይለጥፉበትና ከሌሎቹ አስቀድመው ይጠቀሙበት። ነጭ ሆኖ የሚደፈርሰው ዓይነት ቀስ ተብሎ ሲገላበጥ ወጥ ካልሆነና ጓል ካሳየ እናትዎ አይውጉት፤ ወደሚከታተሉበት ጤና ጣቢያ ይዘውት ይሂዱ።