ሼናንዶዋ ላይ ካያክ፦ ከሚልቪል እስከ ሃርፐርስ ፌሪ፣ ለጀማሪ ቤተሰብ

ጠያቂ (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ሰላም ለሁላችሁ። በኦገስት አጋማሽ ቅዳሜ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ሃርፐርስ ፌሪ ሄደን በሼናንዶዋ ወንዝ ላይ ከመሪ ጋር የሚደረገውን የአንድ ቀን የጀልባ ጉዞ ልንይዝ ነው። አራት ነን፤ ባለቤቴ ዋና አትችልም፣ ትንሹ ልጅ 10 ዓመቱ ነው። በአየር የሚነፋው ካያክ (አንድ ወይም ሁለት ሰው የሚቀዝፈው ጠባብ ጀልባ) ይሻላል ወይስ ራፍት (ብዙ ሰው የሚይዘው ትልቁ የሚነፋ ጀልባ)? የውሃውን መጠን በምን እናውቃለን? ጾም ላይ ስለምንሆን የምግቡንም ነገር ንገሩን።

ቀዛፊው
ከጀልባ ምርጫ በፊት የውሃውን ከፍታ እዩ። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ሚልቪል ላይ መለኪያ አለው፤ ቁጥሩን ድረ ገጹ ላይ በጫማ ታገኙታላችሁ። 2 አካባቢ ከሆነ ድንጋዩ ብቅ ብቅ ስለሚል ካያኩ ይቧጭራል፣ ግን ለጀማሪ ይሆናል። ከ4 ካለፈ ውሃው ይገፋል፣ የወደቀም ሰው ርቆ ይወሰዳል፤ ያን ቀን ራፍት ያዙ። 10 ከደረሰ ጎርፍ ነው። ሃርፐርስ ፌሪ ላይ ሰማዩ ጠርቶም ወንዙ ሊሞላ ይችላል፤ ሁለቱ የሼናንዶዋ ቅርንጫፎች የሚገናኙት ላይ ፍሮንት ሮያል ነው፣ ከዚያ በላይ የዘነበው ዘግይቶ ይደርሳል። ስለዚህ ከሐሙስ ጀምራችሁ ቁጥሩ እየወጣ ነው ወይስ እየወረደ የሚለውን ተከታተሉ።

ከሚልቪል ስትነሱ ውሃው ጸጥ ያለ ነው፤ ቀጥ ብሎ መሄድና መዞር እዚያ ተለማመዱ። ቀጥሎ ውሃው የሚናጥባቸው ቦታዎች ይመጣሉ፦ ቡል ፎልስ፣ ከዚያ ስቴርኬዝ የሚባለው ረጅም የድንጋይ እርከን፣ ከፖቶማክ ወንዝ ጋር ከተገናኛችሁ በኋላ ደግሞ ዋይት ሆርስ። እርከን ላይ የጀልባውን አፍንጫ ቀጥ አድርጋችሁ ግቡ፣ ከታች ሙሉ በሙሉ እስክታልፉም መቅዘፍ አታቁሙ። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚገለበጠው ደንግጦ መቅዘፊያውን ሲያነሳ ነው፤ ጀልባው ፍጥነት ያጣል፣ ከእርከኑ ስር የሚመለሰው ውሃም በጎኑ ያዞረዋል።

የወንዝ ዳር
በቁጥሩ እስማማለሁ፤ ባለቤትዎ ግን 2 ጫማም ቢሆን ራፍት ላይ ይሁኑ፣ መሪው አብሯቸው ይቀመጣል። ዝቅ ያለ ውሃ የራሱ አደጋ አለው። እዚህ ወንዝ ላይ ከጥልቀቱ ይልቅ የሚያስፈራኝ እግር ነው፦ የወደቀው ሰው ውሃው ወገቡ ድረስ ብቻ መሆኑን ያይና ይቆማል፣ እግሩ በሁለት ድንጋይ መካከል ይቀረቀራል፣ ጅረቱ ከኋላ ገፍቶ በፊቱ ይደፋዋል። የሕይወት ጃኬት ለብሶም ሊሰጥም ይችላል። የወደቀ ሁሉ በጀርባው ይተኛ፣ እግሩን ወደ ወንዙ መውረጃ ዘርግቶ የጫማውን ጫፍ ከውሃ በላይ ያውጣ፣ መቀመጫው መሬት እስኪነካ ድረስም አይቁም። ይህን ለልጆቹ ቤት ሳላችሁ ወለል ላይ አስተኝታችሁ አሳዩአቸው።

ጀልባው በጎኑ ድንጋይ ላይ ከተለጠፈ ወደ ድንጋዩ ተደገፉ። ሰው በደመ ነፍስ ይሸሻል፤ ያኔ ከላይ የሚመጣው ውሃ ይገባና ጀልባውን ድንጋዩ ላይ ይጠመጥመዋል። ከወደቀ ዛፍም በጊዜ ራቁ፤ ውሃው በቅርንጫፎቹ መሃል ያልፋል፣ ሰው ይያዛል።

ጃኬቱን ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት፤ ጆሮ ድረስ ከወጣ ላልቷል ማለት ነው። የልጁ በክብደቱ ልክ ይሁን።

እናት ከአሌክሳንድሪያ
ምሳ ካለ ስትመዘገቡ "ቪጋን" በሏቸው፤ ፍልሰታ ብሎ ከማስረዳት ይቀላል። ለራሳችሁ ደግሞ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ሙዝና ቴምር ውሃ በማያስገባ ከረጢት ያዙ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ ሳይጠጡ የምትቆዩ ከሆነ ግን ቀኑን ከኦገስት 22 በኋላ አድርጉት፤ በዚያ ሙቀት ውሃ ሳይጠጡ መቅዘፍ ያዞራል።

ነጠላ ጫማ አይሆንም፣ ውሃው ይወስደዋል፤ ያረጀ ስኒከር አጥብቃችሁ እሰሩ። መነጽር ማሰሪያ ይኑረው። የመኪና ቁልፍ ከኪስ ይውጣ፣ ባለ ባትሪው ከራሰ መኪናው ላይነሳላችሁ ይችላል።

ጠያቂ
እግዚአብሔር ይስጥልን። ልጁስ ከእኔ ጋር ካያክ ላይ መሆን ይችላል?

ቀዛፊው
ድርጅቱ ለካያክ የዕድሜ ገደብ ስለሚኖረው መጀመሪያ እሱን ጠይቁ። ከተፈቀደ የሁለት ሰው ካያክ ያዙና ልጁን ከፊት አስቀምጡት። የሚመራው የኋለኛው ነው፤ የልጁ ሥራ እርስዎ "ቅዘፍ" ሲሉት አለማቋረጥ ነው።