ተወካያችን ስለ ላሊበላ ፓርላማ ላይ ምን ይጠይቅልን?

ሰላም ናችሁ? የላስታ ልጅ ነኝ። ተወካያችን መራጩን ሊያነጋግር ሲመጣ ሁላችንም መንገድና ውሃ ላይ ነው የምንጮኸው። የውቅር አብያተ ክርስቲያናቱስ? ቢያነሳውስ የአካባቢ ጉዳይ ነው ተብሎ አይታለፍም?

መልስ 1፦ ለምን ይታለፋል? በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሆነ ሌላ የፌዴራል ባለሥልጣን ጠርቶ መጠየቅ ይችላል፤ ቅርስ መጠበቅ የመንግሥት ኃላፊነት እንደሆነም አንቀጽ 41 ላይ አለ። ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ የሆነ ቦታ እኮ ነው!

መልስ 2፦ «ጥበቃው እንዴት ነው?» ብሎ እንዳይጠይቅ ብቻ። «በትኩረት እየሠራን ነው» ይሉትና ያልቃል። አብያተ ክርስቲያናቱን ከዝናብ ለመከላከል ከላያቸው ስለተዘረጉት መጠለያዎች ይጠይቅ፤ ለጊዜው ተብለው የተተከሉት እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። መቼ ይነሳሉ፣ በምን ይተካሉ፣ በጀቱስ ከየት ነው?

መልስ 3፦ አስጎብኚውንና የሆቴል ሠራተኛውንም አትርሱ። ቱሪስት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጎዳው እሱ ነው።