«ምድር ቤት ካለ መጠለያ አለ»፦ ክርክር

አዘዞ፦ ትናንት ጎንደር ላይ ፎቅ ሕንፃ ሁሉ የቦምብ መጠለያ ይኑረው ስለሚለው ደንብ ስንነጋገር «ምድር ቤት ካለ መጠለያ አለ፣ ሌላ ምን ያስገድዳል» ተብሎ ተጻፈ፤ ብዙ ሰውም ደገፈው። በጣም ነው ያናደደኝ። ምድር ቤት፣ ማለትም ከመሬት በታች ያለ ክፍል፣ መጠለያ የሚሆነው አየር ሲኖረው ነው። ስዊዞች ለአንድ ሰው 1 ካሬ ሜትር ወለልና 2.5 ሜትር ኩብ ይመድባሉ። በዚህ ሒሳብ 50 ሰው አስገቡና በሩን ዝጉ። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው በሰዓት 20 ሊትር ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። የ50ው 1 ሜትር ኩብ ሆነ፤ ክፍሉ 125 ነው። 4 ሰዓት ሳይሞላ 3 በመቶ ይደርሳል፤ ራስ ይወቅራል፣ ሰው ማለክለክ ይጀምራል። ሙቀቱም አለ፤ በሰው 100 ዋት ብትሉ 5 ኪሎዋት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ እንኳ ይህን አይበላም።

ፒያሳ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አልመለስበትም። ስዊዞች ከ1963 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሕግ የሠሩትን ጎንደር ላይ በአንድ ደንብ አታመጡትም። 30 ሳንቲም ሶሌታና የአርማታ ግድግዳ ሰውን ከፍንጣሪ ያድናል። 4 ሰዓት ከተገኘ ትልቅ ነገር ነው።

አዘዞ፦ «ከተገኘ» አልክ፤ እሱም አይገኝም። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ሳንባ የሚያወጣው ጋዝ ብዛቱ ያው ቢሆንም ሰፋ ያለ ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ 3 በመቶው ቀድሞ ይመጣል። ተርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) የሌለው ጀነሬተርም እዚህ ከፍታ ላይ ከተጻፈበት ኃይል አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። መብራት ሲጠፋ በእጅ የሚዞር ማራገቢያ የግድ ነው። የሚገባው አየር ያለ መርዝ ማጣሪያ ለሰው በሰዓት 6 ሜትር ኩብ፣ በማጣሪያ 3 ነው። ለ50 ሰው በማጣሪያ በሰዓት 150 ሜትር ኩብ የሚሰጥ አንድ ማሽን ማለት ነው። ዋጋው ከሶሌታው ጋር አይወዳደርም!

ግንበኛው፦ ስለ አየር ብቻ ስታወሩ ውኃውን ረሳችሁት። ዋልካ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ግድግዳውን የሚገፋው እሱ ነው። ቆፍሮ ያወጡትን ዋልካ መልሶ ግድግዳው ሥር መሙላት ትልቁ ጥፋት ነው። ጠጠር ይሞላል፣ ከሥሩ የተበሳሳ ቱቦ ወደ ዝቅታ ይዘረጋል። ውኃ የሚገባው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው፦ ወለሉ ዛሬ ተሞልቶ ግድግዳው ከሳምንት በኋላ የሚነሳበት መስመር። እዚያ ዋተር ስቶፕ (ውኃ የሚያግድ የላስቲክ ቀበቶ) ካልተቀበረ፣ ፌሮው ሥር የተጠራቀመው ጭቃና የሲሚንቶ ዝቃጭ ካልታጠበ፣ አርማታውን እያንቀጠቀጠ የሚያጠቀጥቀው ቫይብሬተርም ካልደረሰበት፣ በሐምሌ በመስመሩ ልክ ነጭ ጨው እየተፋ ያለቅሳል። ከውስጥ ልስን ቢደራርቡበት ከርሞ ይላጣል።

ፒያሳ፦ ጋሼ፣ ይህ እኮ ለማንኛውም ምድር ቤት ነው። እኔን ነው የሚደግፈው፤ ደህና ምድር ቤት ይሠራ!

ግንበኛው፦ አልደገፍኩህም። መውጫህ ስንት ነው? ፎቁ ደረጃው ላይ ሲወድቅ በምን ትወጣለህ? ሁለተኛው መውጫ ፍርስራሽ ከማይደርስበት ሜዳ ላይ መከፈት አለበት። የአየር መሳቢያውም እንዲሁ።

ቀሃ ማዶ፦ አዲሱን ተዉትና አሮጌ የድንጋይ ምድር ቤቶችን አጽድቶ በሲሚንቶ ለስኖ ማዘጋጀት ይቀላል።

ግንበኛው፦ እባክህ ሲሚንቶ አታንሳ! በኖራ የተገነባ ድንጋይ እርጥበቱን የሚተነፍሰው በኖራው በኩል ነው። በሲሚንቶ ስትደፍነው ውኃው ወደ ድንጋዩ ይዞራል፣ ጨዉ ፊቱን ይፈረፍረዋል። የፋሲል ግቢን አይተህ የለም? በጣሊያን ጊዜ በሲሚንቶ የተጠገነውን ኋላ ወደ ኖራ መመለስ አስፈልጓል።

ቀሃ ማዶ፦ ግንቡ ቅርስ ነው። ምድር ቤት ግን ቅርስ ነው ያለው ማነው?

ግንበኛው፦ ጎንደር ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠባት ከተማ ናት። የዚያ ዘመን ጉድጓድ ከተገኘ ቅርስ ነው፤ ይለካ፣ ይሣል፣ በኖራ ይጠገን። አልባኒያኖች ዋና ከተማቸው ቲራና ላይ የኮሚኒስት አገዛዙን ምሽግ ሙዚየም አድርገውታል።

ፒያሳ፦ ከመጠለያ ወደ ሙዚየም ገባን። ጥያቄዬ ያው ነው፦ ማራገቢያ መግዛት ያልቻለ ባለ ሕንፃ ምንም አይሥራ?

አዘዞ፦ ይሥራ፤ «መጠለያ» ብሎ በሩ ላይ አይጻፍ። ያንን ጽሑፍ አይቶ ልጆቹን ይዞ የሚገባ ሰው አለ።

ፒያሳ፦ ታዲያ ምን ብሎ ይጻፍ?

አዘዞ፦ የሰው ቁጥርና ሰዓት። «50 ሰው፣ ያለ አየር ማስገቢያ 3 ሰዓት።»

ፒያሳ፦ 51ኛው ሲመጣ በሩ ላይ ማን ይቆማል?