የወንዝ ዳር ሥራ ረቂቅ (አስተያየት እስከ ዓርብ)

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። «የበርከናን መታጠፊያ በጋቢዮን (ድንጋይ በተሞላ የሽቦ ሳጥን) ማሰር»። ያልከፈለ ይክፈል።

ሰይድ፦ በርከና አይባልም። ቦርከና ነው። በዚህ ስም አልፈርምም።

ጸሐፊ፦ ጋሼ፣ ፊደሉ ይስተካከላል። ስለ ሥራው ይበሉ።

ዘሀራ (ጅዳ)፦ እኔ 3 ወር ሙሉ መዋጮ ልኬያለሁ። ከአባቴ ማንጎ የቀረው 2 እግር ነው። ወንዙ ከኛ ወስዶ ለማዶዎቹ ሰጠ። እነሱ ሽንኩርት ያመርቱበታል፣ እኛ መዋጮ እናወጣለን።

እንድሪስ (ማዶ)፦ አንቺ፣ ወንዙን እኔ ነኝ ያዞርኩት?

ኢንጂነሩ፦ ረጋ በሉ። ውሃ ሲታጠፍ የሚፈጥነው በውጭው ዳር ነው። ከሥር ይቦረቡረዋል፣ ላዩ ይናዳል። በውስጡ ዳር ደግሞ ይዝላል፣ ደለሉን እዚያ ያራግፋል። ዘሀራ፣ የአባትሽ አፈር በአብዛኛው ታች ባለው መታጠፊያ ነው የተኛው። ማዶ የተከመረው ከላይ የመጣ ነው።

እንድሪስ፦ ሰማሽ?

ዘሀራ፦ ከላይም ይምጣ ከታች፣ ያረሰው አንተ ነህ።

ሰይድ፦ ስሙስ?

መምህር፦ በሁለቱም ይጻፋል እኮ።

ሰይድ፦ አያቴ ቦርከና ሲሉ ነው የሰማሁት። አንተ በርከና የሚል አያት አለህ?

መምህር፦ አያት አንቆጥርም ጋሼ። ድልድዩ ላይ ምን እንደሚል አንድ ሰው ፎቶ ያንሳ።

ከድር፦ ነገ አነሳለሁ።

ኢንጂነሩ፦ እዚህ በሽቦ ብናስረው ጉልበቱን ይዞ ታች ያሉትን ይበላል። 30 ሜትር እንልቀቅለት። ሸምበቆና ሳር እንትከልበት። ሙላቱ ሲወጣ ይደክማል፣ አሸዋውን ዳር ላይ ጥሎ ቀጭኑን ጭቃ ይዞ ይርቃል። ዳሩ አሸዋ፣ ራቅ ያለው መረሬ የሆነው ለዚህ ነው። ሜዳውን የሠራው እሱ ነው።

እንድሪስ፦ 30 ሜትር! የማንን?

ኢንጂነሩ፦ የሁሉንም። ቻይናዎች ቢጫ ወንዝን ግራና ቀኝ ሲገድቡት ደለሉ ውስጡ ሞላ፣ ወለሉ ከማሳው በላይ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1855 ሰብሮ ወጣ። ባሕር የሚገባው ከሻንዶንግ ልሳነ ምድር በስተደቡብ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ በስተሰሜን ሆነ።

ሰይድ፦ እኛ ሐርቡ ነን፣ አንተ ቻይና ገባህ። ቦርከና አዋሽን ነው የሚያገኘው፣ አዋሽም አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ባሕር አያውቅም።

ኢንጂነሩ፦ ጋሼ፣ ስለ ባሕር አይደለም የማወራው... እሺ። እኔ ይብቃኝ።

ዘሀራ፦ አትሂድ እንጂ። እኔ ነኝ የተናደድኩት፣ አንተ ምን ሆንክ?

ጸሐፊ፦ 30 ሜትሩን ወደ 5 እናውርደው?

እንድሪስ፦ 5ም ቢሆን ከኔ በኩል የለም። መጀመሪያ ድንበሩ ይለካ።

መምህር፦ ከድር፣ ፎቶውስ?

መምህር፦ ከድር?

ገንዘብ ያዥ፦ ያለን ብር ለጋቢዮን አይበቃም። ለታፔላ ይበቃል።

ሰይድ፦ ታፔላማ ጥሩ ነው። ስሙ በትክክል ይጻፍበት።

መምህር፦ በሁለቱም ይጻፍ።

ሰይድ፦ በሁለቱም ከሆነ ቦርከና ከላይ።

ጸሐፊ፦ እሺ። አዲሱ ረቂቅ፦ 1ኛ ታፔላ። 2ኛ የድንበር ልኬት ኮሚቴ። 3ኛ ችግኝ፣ ብር ከተረፈ።

ዘሀራ፦ ሽቦውስ?

ገንዘብ ያዥ፦ ታፔላው የት ይቁም? ልኬቱን ለብየዳው ሰው ልስጥ።

ሰይድ፦ ከማንጎው ሥር።

ዘሀራ፦ ከየትኛው? አንዱ ትናንት ማታ ሄዷል።