የሚያንዣብብ አሞራ ፎቶ፦ ጣርማበር ይሻላል ወይስ ጓሳ?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)
ሰላም ለሁላችሁ። ካሜራዬ ላይ 70-300 ሚሊ ሜትር የሩቅ ማቅረቢያ ሌንስ አለኝ። ከተማው ዳር ቆሜ ያነሳኋቸው አሞሮች ሁሉ ሰማዩ ነጭ፣ ወፉ ከሰል ሆኖ ነው የሚወጣው። ላባው ጭራሽ አይታይም። በተለይ የምፈልገው ያንን አጥንት ከላይ እየለቀቀ የሚሰብረውን ባለ ጺሙን ነው። የት ልሂድ? ሴቲንጉስ?

የመንዝ ልጅ
ጣርማበር ሂድ ወንድሜ። ጓሳ ለቀይ ቀበሮና ለጭላዳ ነው የሚመቸው፤ አሞራው እዚያም አለ፣ ግን ሜዳው ላይ ሆነህ ሁሌ ወደ ላይ ስለምታነሳ ያው ጥቁሩ ይደገምብሃል። ጣርማበር ላይ ግን መሬቱ በአንዴ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርዳል፣ ነፋሱ ገደሉን መትቶ ሽቅብ ይወጣል፣ እነሱም ክንፍ ሳያራግቡ በዚያ ላይ ተንሳፍፈው በዓይንህ ትክክል፣ አንዳንዴም ከእግርህ በታች ያልፋሉ። ጀርባቸውን ታያለህ፣ ከኋላቸውም ነጭ ሰማይ ሳይሆን ገደል ነው። ማልደህ አትድከም፣ መሬቱ ሳይሞቅ ብዙም አይነሱም።

ሌንስ ሱሰኛ
በቦታው እስማማለሁ፣ በሰዓቱ ግን አይደለም። ገደሉ ወደ ምሥራቅ ስለሚያይ ጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊትህ ናት። ከ8 ሰዓት በኋላ ከጀርባህ ትሆናለች። ጉም ከመጣ ግን አለቀ፣ ሻይህን ጠጣ።
ሹተር (የመዝጊያው ፍጥነት) 1/2000 ሰከንድ፣ ብርሃን ካነሰ 1/1600። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) አውቶ፣ ፎከስ ወፉን እየተከተለ የሚያስተካክለው ተከታታዩ ላይ። ከጀርባው ሰማይ ካለ ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን የብርሃን መጠን) በ+1 ከፍ አድርገው፣ ገደል ሲሆን ወደ ዜሮ መልሰው። ገና በሩቅ እያለ ጀምረህ ተከተለው እንጂ አጠገብህ ሲደርስ ካሜራ ብታነሳ ጭራውን ነው የምታገኘው።

እረኛ ነበርኩ
ባለ ጺሙን በጭራው ለየው፣ መሐሉ ሾጠጥ ያለ ነው። ክንፉም ከጥንብ አንሳው ቀጠን ይላል፣ ተዘርግቶ ግን ከ2 ሜትር በላይ ነው። ደረቱ ላይ ያለው ብርቱካንማ ቀለም ብረት ካለው አፈርና ውኃ የሚቀባው ነው። እግሩ ላይ አጥንት ካየህ ዓይንህን አትንቀልበት። ካልተሰበረለት አንስቶ እዚያው ድንጋይ ላይ ደጋግሞ ይጥለዋል፣ ስለዚህ አንዱ ቢያመልጥህ ሌላ ዕድል አለህ። ድንጋዩ የቱ እንደሆነ የአካባቢውን እረኞች ጠይቅ፣ ያውቁታል። ሥጋ አስቀምጬ ላባብለው እንዳትል፣ የምትሰበስበው ውሻና ቁራ ነው። ጎጆ ካየህም አትጠጋው።

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)
ኑሩልኝ! ትራይፖድ ልያዝ?

ሌንስ ሱሰኛ
ተወው፣ ወፍ መከተያ አይሆንም። በዚያ ነፋስ ገደል አፍ ላይ ከመቆም ደግሞ ቁጭ ብለህ ክርንህን ጉልበትህ ላይ አስደግፍ።